ሠራተኛ ውስጥ አለ

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ ከሊፍቱ ጉድጓድ ወጥቶ ምድር ቤቱ ኮሪደር ላይ በነጭ ሸራ ተሸፍኗል። ሸራው አጥሮ ጫማዎቹ ውጭ ቀርተዋል። የሁለቱም ክር ድርብ ተቋጥሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወትፏል፤ እንዳይጠልፈው መሆኑ ነው። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችና ስትነሳ ጉልበቷ ተንቋቋ። ደክሟታል። የዛሬ ድካም ቢሆን ተኝታ በወጣላት፤ የስንት ዓመት ነው። ጡረታዋ ከደረሰ ቆይቷል፣ ግን «ተተኪ እስኪገኝ» እየተባለ ሰው በሞተ ቁጥር እሷው ትጠራለች። ተተኪውንም የሚፈልግ የለም፤ እሷ እያለች ማን ይለፋል?

«እትዬ፣ ይሄኛው እንኳን ብዙ አያለፋዎትም» አላት ቀድሟት የደረሰው ፖሊስ። «ያለቀለት ጉዳይ ነው። ሰውዬው የሊፍት ጠጋኝ ነው። በዚያች ትንሽ በር ገብቶ የጉድጓዱን ወለል ሲያጸዳ፣ ላይ ግራውንድ የነበረ ሰው ሊፍቱን ጠራው። ወረደበት።»

«ሰው ውስጥ እያለ እንዳይወርድ ማድረጊያ የለውም?»

«አለው እንጂ። ይኸው፣ በሩ ጥግ ያለው ማብሪያ። ይሄን አዙሮ ነው የሚገባው። ሲዞር በየፎቁ ስክሪን ላይ በቀይ ‹ሰራተኛ ውስጥ አለ› የሚል ይወጣል፣ ሊፍቱም ንቅንቅ አይልም። እንደደረስን ሞከርነው፤ ምንም እንከን የለውም። እንግዲህ ሳያዞር ገብቷል ማለት ነው።»

«ሬሳው ሲወጣ ማብሪያው ዞሮ ነበር ወይስ አልዞረም?»

ፖሊሱ ጭንቅላቱን አከከ። «የእሳት አደጋ ሰዎቹ ያገኙትን ሁሉ አጥፍተው ነው የገቡት። በዚያ ግርግር ማን ልብ ይላል፣ እትዬ? ‹በራሱ ቸልተኝነት› ብለው ቢፈርሙበት ሁላችንም በጊዜ ቤታችን እንገባ ነበር።»

መርማሪዋ ቋመጠች። ቤት መግባት፣ ጫማ ማውለቅ፣ እግርን ወንበር ላይ መስቀል። ብዕሯን ከቦርሳዋ እስከ ማውጣት ደርሳ ነበር። ዐይኗ ግን ተመልሶ ጫማዎቹ ላይ ዐረፈ።

«ይሄ ሰው» አለች ቀስ ብላ፣ «የጫማውን ክር እንኳ ወትፎ ነው የገባው።»

ደረጃው ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። አታለቅስም፤ ለቅሶው ገና አልደረሰላትም። የሟቹ ሚስት ናት። ባሏ በሚሠራበት በዚያው ድርጅት የጽሑፍ አራሚ ናት። ድርጅቱ የሊፍት ፕሮግራም እየሠራ የሚሸጥ ትንሽ ድርጅት ነው፤ የሕንጻውን ሊፍት መሞከሪያ አድርጎታል። ባለቤቱም ሥራ አስኪያጁም ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ለሁለቱም ሥራ የሰጣቸው እሱ።

መርማሪዋ ደረጃው ላይ አጠገቧ ቁጭ አለች። «እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ።»

«ባሌ አይረሳም» አለች ሴትዮዋ፣ ቀና ሳትል። «ቸልተኛ ነበር ብላችሁ እንዳትጽፉ። ሌላ ምንም አልለምንም። ልጄ አድጋ የአባቷን ወረቀት ስታነብ ‹በራሱ ቸልተኝነት› የሚል እንዳታገኝ። እሱ እኮ ምድጃ አጥፍቶ ከወጣ በኋላ መንገድ ላይ አቁሞኝ ተመልሶ የሚያይ ሰው ነው። ስንት ቀን በዚህ ተጣልተናል!»

«ማብሪያውን ማዞሩን በምን አወቅሽ?»

ሴትዮዋ ስልኳን ዘረጋችላት። ከባሏ የመጣ አጭር መልእክት አለ፦ ‹ስራ ላይ ነኝ›። ከሥሩ እሷ የመለሰችው አንድ ፊደል ብቻ ነው፦ ‹ሥ›። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

«መጀመሪያ ያዞራል፣ ከዚያ ይቺን ይልክልኛል፣ ከዚያ ይገባል። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ነው፤ እንዳልጨነቅ ብሎ። ሳያዞር አይልካትም።»

«ይቺ ‹ሥ› ምንድናት?»

የሴትዮዋ ከንፈር ፈገግ ሊል ቃጣና ተመለሰ። «እሱ ሥራን በእሳቱ ሰ ነው የሚጽፈው። ሥራ በንጉሡ ሠ ነው። አፍ ላይ አንድ ናቸው፣ ወረቀት ላይ ነው የሚለያዩት። ስንቴ አረምኩት! ሆን ብሎ ነበር የሚሳሳተው፤ እኔ እንዳርመው። እኔም ፊደሏን ብቻ እልክለታለሁ። ጨዋታችን ነበር።»

«እዚህስ የምታርሚው ምንድነው?»

«ሊፍቱ ለሰው የሚያሳየውን ጽሑፍ። ትናንት ጨርሼ አስገባሁት፤ እኔ ሳስቀምጠው በራሱ ወደ ሊፍቱ ይሄዳል። ያለቦታው የቀረ ፊደል የለም። መጀመሪያ የጻፈው ሰውዬ እንደ ባሌ ነበር የሚጽፈው።»

«ምን ምን እንዳረምሽ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ማን ይጠይቀኛል? ወንድሜ ‹ነገ ወዲያ እንግዶች ይመጣሉ፣ ጽሑፉን አሳምሪልኝ› አለኝ፤ አሳመርኩለት። ቃል ሲቀየር ሰው ያያል። ፊደል ሲቀየር ማን ያያል?»

መርማሪዋ ብዕሯን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በጊዜ ቤት መግባቱ ቀረ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ወንበር እያለው። ከረቫቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ጎስጉሶታል።

«የጠራሁት እኔ ነኝ» አለ መርማሪዋ ሳትጠይቀው። «በዚህ ጣቴ። የእህቴን ባል በዚህ ጣቴ!»

«ሲጫኑት ስክሪኑ ምን ይል ነበር?»

«አላየሁም። ስልክ እያወራሁ ነበር።» ቶሎ መለሰ፣ ከመጠን በላይ ቶሎ፤ ጣቱንም በሌላው እጁ ሸፈነው።

«የድሮ ሊፍት ማብሪያው ሲዞር ሽቦው ራሱ ኤሌክትሪኩን ይቆርጠዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። የእናንተውስ?»

«ነበረው። ለአዲሱ ፕሮግራም ሙከራ ተነቀለ። ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ይወሰን ተባለ። ነገ እንግዶቹ መጥተው ሊያዩት ነበር።»

«ማነው ‹ተባለ› ያለው?»

ሥራ አስኪያጁ ከኪሱ ብቅ ያለውን ከረቫት መልሶ ጎሰጎሰ። «ተባለ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያለው እሱ ራሱ ነው፤ መርማሪዋ ይሄን ለማወቅ ያን ሁሉ ዓመት መሥራት አያስፈልጋትም ነበር።

ፕሮግራሙን የጻፈውን ሰውዬ ቢሮው ሁሉ «ጋሼ» ይለዋል። ሸብቷል፣ መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰው ሲጠይቀው እንደ አስተማሪ ተነስቶ መቆም ይወዳል፤ ዛሬም ቆመ።

«ረዳት ፋንክሽን ምን እንደሆነ ላስረዳዎት» አለ። «ፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ተላላኪ ማለት ነው። ‹ሂድና ማብሪያው ምን ላይ እንዳለ አይተህ ና› ይሉታል፣ አይቶ ይመጣል። ጥያቄው ምን ይዞ ይምጣ ነው። የኔው ያለቀለት ጽሑፍ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሰው በሚያነበው ቋንቋ፦ ‹ሰራተኛ ውስጥ አለ›። ስክሪኑ ያንኑ ያሳያል፣ ሊፍቱን የሚያንቀሳቅሰው ክፍልም ያንኑ ሰምቶ ይቆማል። አንድ ቃል ለሁሉም። አያምርም?»

«ያልጣመው ሰው አለ መሰለኝ።»

«ያቺ አብራኝ ፕሮግራም የምትጽፈው ልጅ ናታ!» ጋሼ በእጁ ወደ ግድግዳው ማዶ ጠቆመ። «‹ረዳት ፋንክሽን ጽሑፍ አይመልስም፣ ቁጥር ነው የሚመልሰው› እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች። ስሟንም ‹ቁጥር› ያልናት በዚሁ ነው። ‹ነገ በሌላ ቋንቋ ስናደርገውስ?› አለችኝ። ያኔ እናስብበታለን፣ ልጄ፣ አልኳት። አኮረፈች። አሁንማ ሰላምታችንም ለወጉ ነው።»

«የጽሑፉን ፋይል ማን ማን ይከፍታል?»

«እኔ፣ እሷ፣ አራሚዋ። የይለፍ ቃሉ የሁላችንም አንድ ነው። ማን ገባ ማን ወጣ አይልም።»

«አራሚዋ ትናንት ምን እንደቀየረች ያውቃሉ?»

«ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ሳየው ያው ነው የሚነበበው።»

«አልፈተኑትም?»

«ለነጠላ ሰረዝ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ከዳውና መነጽሩን አንስቶ ይጠርግ ጀመር።

መርማሪዋ ግራውንድ ወርዳ የዘበኛውን ወንበር ለመነችና ሊፍቱ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ለሚያያት ያንቀላፋች ትመስላለች፤ ትንሽም አንቀላፍታ ነበር። ስትነቃ እጇን ዘርግታ የስክሪኑን ቁልፎች አንድ በአንድ ተጫነቻቸው። እርዳታ የሚለውን ስትነካ ‹ሠራተኛ ይጥሩ› የሚል ወጣ። ሌላውን ስትነካ ‹ይህ ፎቅ ሥራ አልጀመረም› አለ። ፖሊሱን ምድር ቤት ልካ ማብሪያውን አስዞረችው። ስክሪኑ ቀላ፦ ‹ሰራተኛ ውስጥ አለ›። የመጥሪያውን ቁልፍ ተጫነች። ሊፍቱ ንቅንቅ አላለም።

«አላልኩዎትም?» አለ ፖሊሱ ከታች እየጮኸ። «ይሠራል እኮ!»

«ይሠራል» አለች መርማሪዋ። ዐይኗን አሽታ ደግማ አነበበችው። ከዚያ እያቃሰተች ተነስታ ቁጥር ወደምትባለው ልጅ ወጣች።

የልጅቷ ጠረጴዛ ላይ የጫማ ካርቶን የሚያህል ሊፍት ቆሟል። ከእንጨት የተሠራ ነው፤ በክር የሚወጣ የሚወርድ ሳጥን፣ ትንሽ ሞተር፣ ትንሽ ስክሪን፣ ትንሽ ማብሪያ አለው። ልጅቷ ዐይኗ አብጧል።

«ይቺ ትሠራለች?»

«እንደ ትልቁ ናት። ያው ፕሮግራም፣ ያው ጽሑፍ። ትልቁ ላይ የገባ ሁሉ እሷም ላይ ይገባል። ጠዋት ስመጣ መጀመሪያ እሷን ነው የማስነሳው።»

«ከጋሼ ጋር ምን አጣላችሁ?»

ልጅቷ የደከመው ሰው ፈገግታ ፈገግ አለች። «ጽሑፍ ለዐይን ነው። ለሰው ሲባል ይታረማል፣ ይተረጎማል፣ ይሽሞነሞናል። ማሽን ግን በጽሑፍ ከወሰነ፣ ጽሑፉን የነካ ሁሉ ማሽኑን ነካ። ረዳቱ አንድ ወይ ሁለት ብሎ ይመልስ፤ አንድ ማለት ሰው አለ ማለት ነው ብሎ በየቋንቋው መጻፍ የስክሪኑ ፋንታ ይሁን። ይሄን ለማስረዳት ነው ስቀደድ የከረምኩት። ‹ልጄ› ይለኛል እንጂ አይሰማኝም።»

መርማሪዋ ልክ ናት ብላ አሰበች። ከሰማቻቸው ሁሉ በቀጥታ የምታወራው ይቺ ልጅ ነች።

«የጽሑፉን ፋይል ከፍተሽው ታውቂያለሽ?»

«ከተኳረፍን ወዲህ? ምን ቆርጦኝ! የጋሼ ግዛት ነው፤ ምን ይጻፍበት ምን አላውቅም።»

«አራሚዋ ትናንት የሆነ ነገር ቀይራለች ይባላል። ምናልባት ጥፋቱ ከሷ ከሆነ ደግሞ…»

«ኧረ ተዉ!» ልጅቷ ብድግ አለች። «እሷን አይንኳት፣ በሞቴ! ንጉሡን ሠ በቦታው ያስገባች ሴት ምን አጠፋች? ባሏ ሞቶባት ደግሞ በዚህ ልትሰቃይ?»

መርማሪዋ ጉልበቷን አሸች።

«እውነትሽን ነው» አለች በመጨረሻ። «እንዲያው ትንሿን ሊፍትሽን ይዘሽ ስብሰባ ክፍል ነይልኝ።»

ስብሰባ ክፍሉ በር ላይ መርማሪዋ የሟቹን ሚስት አስቆመቻት። «አንቺ ባትገቢ ይሻላል። የምናገረው ያምሻል።»

«ከዚህ የባሰ?»

መርማሪዋ መዋሸት አማራት። ለዚህ እንኳ ጉልበት አጣች። «አዎ» አለቻት።

ሴትዮዋ ቀድማት ገባች።

ሁሉም ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ፦ ሥራ አስኪያጁ፣ እህቱ፣ ጋሼ፣ ቁጥር። ትንሿ ሊፍት መሃላቸው ላይ ቆመች። ፖሊሱ በሩን ተደግፎ ቆሟል። መርማሪዋ ተቀምጣ ጀመረች፤ እንደ ሌላው ጊዜ መቆሙ አልሆነላትም።

«ሟቹ ማብሪያውን አዙሮ ነበር» አለች። «ክሩን ወትፎ የሚገባ፣ ለሚስቱ መልእክት ሳይልክ የማይገባ ሰው ነው። ግን የኔ ማመን ብቻ አይበቃም። ያየ ሰው አለ።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ስልክ እያወሩ ነበር ብለውኛል። ስልክ የሚያወራ ሰው ዐይኑ ሥራ አይፈታም። ስክሪኑ ምን ይል ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ እህቱን ለማየት ሞከረና አቃተው።

«ቀይ ነበር» አለ። «ሠራተኛ ውስጥ አለ ይል ነበር። አይቼዋለሁ። ሰው ካለ አይወርድም ብዬ፣ ሲወጣ ይመጣልኛል ብዬ ተጫንኩት። ይኸው ነው። አይወርድም ብዬ ነው፣ እህቴ!»

እህቱ ወደ እሱ አልዞረችም። ፊቷ ግን ትንሽ ተፈታ፤ ባሏ አልረሳም።

«ስለዚህ ማብሪያው ዞሯል፣ ቀዩም በርቷል፣ ሊፍቱ ግን ወርዷል። ፖሊሶቹ መጥተው ሲሞክሩት ደግሞ አይወርድም። እንዴት?» መርማሪዋ ወደ ጋሼ ተመለከተች። «የጽሑፉን ፋይል ይክፈቱልኝ። ‹ሰራተኛ ውስጥ አለ› የሚለውን ያውጡ። የመጀመሪያዋን ፊደል በንጉሡ ሠ ያድርጓት። ያስቀምጡት።»

ጋሼ እንዳዘዘችው አደረገ። ከዚያ የትንሿን ሊፍት ማብሪያ አዞረ። ትንሹ ስክሪን ቀላ፦ ‹ሠራተኛ ውስጥ አለ›። አፍ ላይ ያው ቃል ነው። መርማሪዋ ጣቷን ዘርግታ መጥሪያውን ተጫነች።

ትንሿ ሳጥን ወርዳ ወለሏን ስትመታ ሁሉም ደነገጡ። ድምፁ የእንጨት ኳኳታ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም።

«የሚያንቀሳቅሰው ክፍል…» ጋሼ ድምፁ ተቆራረጠ። «የሚጠብቀው እሳቱን ሰ ነው። እኔ እንደጻፍኩት። በንጉሡ ሲመጣበት ሌላ ቃል መሰለው። ሰው የለም ብሎ ነው የሚወርደው። አምላኬ!»

«እኔ ነኝ» አለች የሟቹ ሚስት። ከጠረጴዛው ላይ እጆቿን አንስታ አየቻቸው። «እኔ ነኝ የቀየርኩት። ሁሉንም ሰራተኛ ሠራተኛ አደረግኩት። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ቆይ፣ እህቴ። አልጨረስኩም» አለች መርማሪዋ፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠነከረ። «ሊፍቱ ፊት ተቀምጬ ቁልፉን ሁሉ ነካካሁት። ‹ሠራተኛ ይጥሩ› በንጉሡ ነው። ‹ሥራ አልጀመረም› በንጉሡ ነው። ‹ሰራተኛ ውስጥ አለ› ብቻውን በእሳቱ ነው። የባሏን የፍቅር መልእክት እንኳ ሳታርም የማታሳልፍ ሴት ይቺን አንዷን ትታ ታልፋለች? አታልፍም። አርማዋለች። ሰውዬው ከሞተ በኋላ፣ ፖሊስ ሳይደርስ፣ አንድ ሰው መልሷታል።»

«እኔ አይደለሁም!» አለ ጋሼ።

«እርስዎ አይደሉም። እርስዎ የነጠላ ሰረዝ ጉዳይ መስሎዎት ነበር። በዚያ ጩኸት፣ በዚያ ግርግር መሃል ሄዶ፣ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ አንዷን ቃል ብቻ ለይቶ፣ አንዷን ፊደል ብቻ የመለሰ ሰው፣ ፊደሏ የት እንዳለችና ምን እንደምትሠራ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ሰውዬው ሳይሞት ያውቅ ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።»

መርማሪዋ የሚቀጥለውን መናገር አልፈለገችም። ለነገሩ ሥራዋን ከጀመረች አንስቶ ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወዳት አታውቅም።

«ምን እንደታረመ አራሚዋ ለማንም አልተናገረችም። እኔም ‹የሆነ ነገር ቀይራለች› ከማለት በቀር ቃል አልተነፈስኩም። ፋይሉን ነክቼው አላውቅም ያለችኝ ልጅ ግን፣ አዝናላት፣ ‹ንጉሡን ሠ በቦታው ያስገባች ሴት ምን አጠፋች› አለችኝ።»

ሁሉም ወደ ቁጥር ዞሩ። ልጅቷ አልካደችም። ትንሿን ሊፍት እያየች፣ ለሷ የምታወራ ትመስል ነበር።

«ዛሬ ጠዋት ሳስነሳት አየሁት» አለች። «ማብሪያውን አዞርኩ፣ ቀይ በራ፣ ወረደች። ጽሑፉን ከፍቼ ፊደሏን አገኘኋት። ለጋሼ ልነግረው ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ተመለስኩ። ነገ እንግዶቹ ፊት ይየው አልኩ። ማብሪያው ዞሮ፣ ቀዩ በርቶ፣ ባዶ ሊፍት ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲወርድ ሁሉም ይየው፣ ያኔ ይገባዋል አልኩ። ጉድጓዱን ዛሬ እንደሚያጸዳ አላወቅኩም። ማንም አልነገረኝም። ጩኸቱን ስሰማ… መለስኳት። ለምን እንደመለስኳት አላውቅም። እጄ ነው የመለሳት።»

«መለስሽና ባሌ ቸልተኛ ሆነ» አለች የሟቹ ሚስት።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

ጋሼ ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ ልጅቷ ሄደ። ሁሉም የሚጮህባት መሰላቸው። ወንበሯን ይዞ አጠገቧ ቆመ።

«ልክ ነበርሽ» አላት። «ከጅምሩ ልክ ነበርሽ፣ ልጄ። ልሰማሽ ይገባኝ ነበር።»

ለወራት የጠበቀችው ቃል ነው። ልጅቷ በሁለት እጇ ጆሮዋን ደፈነች።

«በቃ» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ ለመፈተን ሰነፉ፣ እርስዎ ሽቦ አስነቀሉ። የየድርሻችሁን ትጠየቃላችሁ። እንደሚወርድ እያወቀ ዝም ያለ ግን አንድ ሰው ነው፤ የሷን ዳኛ ይመዝነው።» ወደ አራሚዋ ዞረች። «ፊደል ያረመ ሰው አልገደለም፣ እህቴ። ይሄንን የምልሽ ላጽናናሽ አይደለም። ለማጽናናት ጉልበት የለኝም። እንደዚያ ስለሆነ ነው።»

ፖሊሱ ልጅቷን ይዟት ወጣ። ትንሿን ሊፍት ማን ማንሳት እንዳለበት ያላወቁት ሁለቱ ወንዶች ለጊዜው አፍጥጠውባት ቆዩ፤ ከዚያ እነሱም ወጡ።

መርማሪዋ ሪፖርቷን እዚያው ጠረጴዛ ላይ በእጇ ጻፈች። ሟቹ ማብሪያውን አዙሮ፣ ጥንቃቄውን አሟልቶ እንደገባ ጻፈች። ለሚስቱ የላከውን መልእክት እንዳለ አሰፈረች። ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ ሴትዮዋ ገፋችው። «አንብቢውና የተሳሳትኩት ካለ ንገሪኝ። ልጅሽ የምታነበው ይሄን ነው።»

ሴትዮዋ አነበበች። መርማሪዋ፣ ደክሟትም ይሁን ልማድ ሆኖባት፣ ሁሉንም በእሳቱ ሰ ነበር የጻፈችው። የሴትዮዋ ጣት ወረቀቱ ላይ ቆመ። ብዕሩን አነሳች። ‹ሰራተኛ› የሚለውን ሠራተኛ አደረገችው። ቀጣዩንም አረመች፣ የሚቀጥለውንም። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ወጡ።

ብዕሩ ‹ስራ ላይ ነኝ› ላይ ሲደርስ ቆመ። ወረቀቱን ሳይነካ ቆይቶ ቆይቶ ተነሳ።

«ይቺስ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ይቺ የሱ ናት» አለች ሴትዮዋ። «እንደጻፋት ትቆይ።»

ያኔ ነው ለቅሶው የደረሰላት። መርማሪዋ ወረቀቱ እንዳይርስ ቀስ ብላ ከፊቷ አነሳችው።